የሚጮህ ቺንጋ፦ መንስኤውን መለየትና ማስተካከል

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የግብርና ሜካናይዜሽን ሥልጠና ጽሑፍ

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ስታጠናቅቁ፦
• የቺንጋ ጩኸት ከምን እንደሚመጣ በድምፁና በምልክቱ ትለያላችሁ፤
• የላላ፣ የተንጋደደና ያለቀ ቺንጋን በየራሱ መፍትሔ ታስተካክላላችሁ፤
• የትኛውን ሥራ ራሳችሁ እንደምትሠሩ፣ የትኛውን ለመካኒክ እንደምትተዉ ታውቃላችሁ፤
• የተማራችሁትን በልማት ቡድናችሁ ውስጥ ላሉ አርሶ አደሮች ታሳያላችሁ።

1. ይህ ትምህርት ለምን አስፈለገ?

የተከበራችሁ ሞዴል አርሶ አደሮች፣ በየቀበሌው የመውቂያ ማሽን፣ የውሃ ፓምፕና ትራክተር በግልም በማኅበርም እየበዛ ነው። ማሽኑ ሲገዛ ሁላችንም የምንጠይቀው ስለ ሞተሩ ነው። ሞተሩ የሚያመነጨውን ጉልበት ወደ መውቂያው፣ ወደ ፓምፑ ወይም ወደ ማራገቢያው የሚያደርሰው ግን ብዙ ጊዜ አንድ የጎማ ቺንጋ ነው። ቺንጋው ከተንሸራተተ ሞተሩ ናፍጣ እየበላ ሥራው ይቀንሳል። ቺንጋው ከተበጠሰ ሥራው ይቆማል።

ጉዳቱ የሚደርሰውም በከፋ ሰዓት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ክምሩ አውድማ ላይ ተደርድሮ፣ ወጀብ ወይም ያልታሰበ ዝናብ እያሰጋ፣ የቀን ሠራተኛ ተሰብስቦ ሳለ ማሽኑ ከቆመ ኪሳራው የአንድ ቺንጋ ዋጋ ብቻ አይደለም። በበጋ መስኖ ስንዴም እንዲሁ ነው። ውሃ በሚፈለግበት ሳምንት የፓምፑ ቺንጋ ቢበጠስ ተረኛው አርሶ አደር ተራው ያልፍበታል። በትራክተር ላይ ደግሞ የማራገቢያው ቺንጋ ብዙ ጊዜ የሞተሩን የውሃ ፓምፕም አብሮ ስለሚያዞር፣ እርሱ ሲላላ ሞተሩ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ከበዛ የቴስታው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል። ያን ጊዜ ወጪው የሞተር ጥገና ይሆናል።

ደግነቱ ቺንጋ ከመበጠሱ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ይናገራል። ጩኸቱ ማስጠንቀቂያ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው በጊዜው የሰማ ሰው በአንድ መፍቻና በግማሽ ሰዓት ሥራ ይገላገላል።

2. ቺንጋ እንዴት ይሠራል?

በእርሻ ማሽኖቻችን ላይ በብዛት ያለው ቺንጋ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ የሆነ ነው። የሚቀመጥበት ፑሊ (ብዙዎቻችን ፑሌጃ የምንለው) ጎድጓዳ ቦይ አለው። ልብ ልንለው የሚገባው ነገር ቺንጋው ጉልበት የሚያስተላልፈው በታችኛው ፊቱ ሳይሆን በሁለቱ ጎኖቹ መሆኑን ነው። እንጨት ለመፍለጥ የሚገባ ሽብልቅ በሁለት ጎኑ እንደሚጣበቅ ሁሉ ቺንጋውም በቦዩ ጎንና ጎን ተጨምቆ ይይዛል።

ከዚህ ሦስት ነገር ይከተላል።

አንደኛ፣ ቺንጋው ሲላላ ጎኖቹ በቦዩ ላይ አይጨመቁም፤ ስለዚህ ይንሸራተታል። የምንሰማው ሲጥ የሚል ረጅም ጩኸት ጎማው በብረት ላይ እየያዘና እየለቀቀ ሲሄድ የሚፈጠር ነው።

ሁለተኛ፣ የጎኖቹ ጎማ ሲያልቅ ቺንጋው ወደ ቦዩ ወለል ይሰምጣል። ወለሉን ከነካ በኋላ ምንም ያህል ብትወጥሩት በጎኑ አይጨመቅም። የቦዩ ወለል እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ከሆነ ቺንጋው ወይም ፑሊው አልቋል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ በጎኖቹ ላይ ዘይት፣ ግሪስ ወይም ናፍጣ ካለ መያዣው ይጠፋል፤ ጎማውም እያበጠና እየለሰለሰ ይበላሻል።

መንሸራተት ምን ያህል ሥራ እንደሚያስቀር በቁጥር እንየው። ሞተሩ በደቂቃ 2000 ዙር ይሽከረከራል፤ የሞተሩ ፑሊ ስፋት 150 ሚሊ ሜትር፣ የመውቂያው ፑሊ ስፋት 300 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። 2000 በ150 ተባዝቶ ለ300 ሲካፈል የመውቂያው ከበሮ በደቂቃ 1000 ጊዜ መዞር አለበት። ቺንጋው 15 በመቶ ቢንሸራተት ከበሮው የሚዞረው 850 ጊዜ ብቻ ነው። የሞተሩ ድምፅ አልተለወጠም፤ ናፍጣውም አልቀነሰም። እናንተ የምታዩት ግን ያልተወቃ ዛላ ከገለባው ጋር ሲወጣ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ወንፊቱን ወይም ከበሮውን ይነካካል፤ ችግሩ ግን ቺንጋው ላይ ሊሆን ይችላል።

3. ድምፁን መለየት

ሁሉም ጩኸት አንድ አይደለም። ማሽኑ በሚሠራበት ጊዜ ራቅ ብላችሁ ቁሙና አዳምጡ።

ሀ. ረጅም፣ ቀጭን ጩኸት፦ ሞተሩ ሲነሳ፣ ጋዝ ሲሰጠው ወይም ነዶ ሲገባ የሚጀምርና ጭነቱ ሲቀንስ የሚያቆም ከሆነ ቺንጋው እየተንሸራተተ ነው። መንስኤው መላላት፣ ዘይት፣ ማለቅ ወይም ከመጠን ያለፈ ጭነት ነው።

ለ. እንደ ጫጩት ጭው ጭው የሚል አጭርና ተደጋጋሚ ድምፅ፦ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር አብሮ የሚፈጥንና የሚዘገይ ከሆነ ፑሊዎቹ በአንድ መስመር ላይ አይደሉም።

ሐ. የሚያንጎራጉር ወይም እንደ ወፍጮ ድንጋይ የሚፈጭ ድምፅ፦ ይህ ከቺንጋው ይልቅ ከኩሽኔታ የሚመጣ ነው።

መ. ጥፍ ጥፍ የሚል ድምፅ፦ ቺንጋው በጣም ከመላላቱ የተነሳ ሽፋኑን እየመታ ነው፤ ወይም የተቀደደ ጫፍ አለው።

ጠዋት ጤዛ በነካው ቺንጋ ላይ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ተሰምቶ የሚጠፋ ጩኸት ብዙ አያስጨንቅም። በየቀኑ እየረዘመ ከሄደ ግን ቺንጋው መላላት ጀምሯል።

ከድምፁ ሌላ እነዚህን ምልክቶች ያዙ፦ የተቃጠለ ጎማ ሽታ፣ በፑሊው ሥር የተራገፈ ጥቁር የጎማ ብናኝ፣ በትራክተር ላይ የባትሪ መብራት መብራት፣ የሙቀት መለኪያው ከወትሮው ከፍ ማለት። የጎማ ሽታ በአውድማ ላይ ከሸተታችሁ ወዲያውኑ አቁሙ። የሚንሸራተት ቺንጋ በጣም ይሞቃል፤ በዙሪያው ደረቅ ገለባና እብቅ አለ። ከአንድ ቺንጋ የሚነሳ እሳት ክምሩን በሙሉ ሊወስድ ይችላል።

4. እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት

ይህን ክፍል ማንም እንዳይዘለው።

• ሞተሩን አጥፉ። ቁልፉን ነቅላችሁ በኪሳችሁ ያዙ። በእጅ የሚነሳ ሞተር ከሆነ የማስነሻውን እጀታ ከማሽኑ አርቁ።
• ከባዱ መዘውርና ከበሮው ፈጽሞ እስኪቆሙ ጠብቁ። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ከበሮው ለጥቂት ጊዜ መዞሩን ይቀጥላል።
• በትራክተር ላይ ዲናሞውን ከመንካታችሁ በፊት የባትሪውን ነጌቲቭ ገመድ ፍቱ።
• ጋቢ፣ ነጠላ፣ ሻርፕና የተንዘረፈፈ እጅጌ ከማሽኑ አጠገብ አይገባም። ፀጉር ይሸፈን፤ ይታሰር።
• ልጆች ከማሽኑ ይራቁ።
• የሚዞር ቺንጋን በእጅ፣ በእግር ወይም በእንጨት ለመግፋት አትሞክሩ።
• የቺንጋው መከላከያ ሽፋን ሥራው እንዳለቀ ይመለስ። «ለነገ እንድንፈታው ይመቸናል» ተብሎ ሽፋኑ የቀረበት ማሽን ነገ ጣት ይቆርጣል።

5. ምርመራ ደረጃ በደረጃ

ማሽኑ ቆሟል፤ ሽፋኑ ተፈትቷል። አሁን በቅደም ተከተል ሂዱ። አንዱን ሳትጨርሱ ወደ ሌላው አትለፉ።

ደረጃ 1 – ቺንጋውን ማየት። ቺንጋውን በእጃችሁ እያዞራችሁ ሙሉ ዙሩን ተመልከቱ። ጎኖቹ እንደ ተወለወለ ጫማ የሚያብለጨልጩ ከሆነ ለረጅም ጊዜ ሲንሸራተት ቆይቷል። ስንጥቅ፣ የተቦጨቀ ጎማ፣ የወጣ ክር ወይም እብጠት ካለ መወጠር አያድነውም፤ ይለወጣል።

ደረጃ 2 – ዘይት መፈለግ። ጎኖቹን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁ ዘይት ከያዘ ዘይቱ ከየት እንደመጣ ፈልጉ። ከሞተሩ ፊት የሚያንጠባጥብ ጎማ ይሁን፣ ከመጠን በላይ ግሪስ የተሰጠው ኩሽኔታ ይሁን፣ መጀመሪያ እርሱ ይዘጋ። ምንጩ ሳይዘጋ የሚገባ አዲስ ቺንጋ በሳምንት ያረጃል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነው።

ደረጃ 3 – ውጥረት መለካት። በሁለቱ ፑሊዎች መካከል ካለው ረጅሙ ክፍል መሐል ላይ ቺንጋውን በአውራ ጣት ጫን በሉ። በትራክተር የማራገቢያ ቺንጋ ላይ ጠንከር አድርጋችሁ ስትጫኑት ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር መግባት አለበት። በመውቂያና በፓምፕ ላይ መነሻ የሚሆናችሁ ልክ ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ርቀት 16 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ርቀቱ 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። እዚህ ላይ አጫጫኑ መጠነኛ ይሁን። ቀጥ ያለ እንጨት ከፑሊ ፑሊ በቺንጋው ጀርባ ላይ አጋድማችሁ የገባውን በማስመሪያ ለኩ። ከማሽኑ ጋር የመጣው መመሪያ ሌላ ልክ ካለው የመመሪያው ይቅደም።

ደረጃ 4 – አሰላለፍ ማየት። ቀጭን ሲባጎ ወጥራችሁ በሁለቱ ፑሊዎች ጎን ላይ አስነኩ። የሁለቱ ፑሊ ጠርዝ እኩል ውፍረት ካለው ሲባጎው አራት ቦታ መንካት አለበት፦ የመጀመሪያውን ፑሊ ሁለት ጠርዝ፣ የሁለተኛውን ሁለት ጠርዝ። በሦስት ብቻ ከነካ አንዱ ፑሊ ተጣሟል ወይም ወደ ጎን ሸሽቷል።

ደረጃ 5 – ፑሊውን መፈተሽ። የቦዩን ጎን በጣታችሁ ዳብሱ። ጎኑ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ወይም ወለሉ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ፑሊው አልቋል። ፑሊውን ከዘንጉ ጋር የሚያስረው ብሎን እንዳልላላም አረጋግጡ።

ደረጃ 6 – ኩሽኔታ መፈተሽ። ቺንጋውን አውልቁና እያንዳንዱን ፑሊ በእጅ አሽከርክሩ። ያለ ድምፅ በቀላሉ መዞር አለበት። ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት፤ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ወይም እየፈጨ የሚዞር ከሆነ ኩሽኔታው ነው። የያዘ ኩሽኔታ ያለበት ማሽን ላይ ቺንጋው መጮሁ አይቀርም፤ ጥፋቱ ግን የቺንጋው አይደለም።

ለትራክተር ብቻ የሚሆን ተጨማሪ ፈተና አለ። ሞተሩን በሚኒሞ አስነስታችሁ፣ ከማራገቢያው ራቅ ብላችሁ፣ ክዳኑ በተበሳ የውሃ ፕላስቲክ በቺንጋው የውስጥ ፊት ላይ ጥቂት ውሃ ርጩ። ጩኸቱ ጠፍቶ ከአፍታ በኋላ ከተመለሰ ወደ አሰላለፍ ችግር ያመለክታል። ውሃው ሲነካው ጩኸቱ ከባሰ ቺንጋው ላልቷል። የመውቂያ ማሽን ቺንጋ ላይ ግን ይህን አትሞክሩ፤ ቺንጋው ትልቅና ፈጣን ስለሆነ አደጋው ይበልጣል።

6. ማስተካከል

6.1 የላላውን መወጠር

በትራክተር ላይ ዲናሞውን የያዙትን ሁለት ብሎኖች አላሉ፤ አንዱ ዲናሞው የሚንጠለጠልበት፣ ሌላው በረጅሙ ቀዳዳ ውስጥ የሚንሸራተተው ነው። ጠንካራ እንጨት በሞተሩና በዲናሞው ወፍራም የፊት አካል መካከል አስገብታችሁ ወደ ውጭ ግፉት። የኋላው ሽፋን ስስ ስለሆነ ይሰነጠቃል፤ እርሱን አትግፉ። ልኩ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ የሚንሸራተተውን ብሎን፣ ቀጥሎ የማንጠልጠያውን አጥብቁ።

በመውቂያና በፓምፕ ላይ የሞተሩን አራት የእግር ብሎኖች አላሉና ሞተሩን በሁለቱም ወገን እኩል ወደ ኋላ ውሰዱ። አንዱን ወገን ብቻ ከሳባችሁ ሞተሩ ይጣመምና የአሰላለፍ ችግር ትፈጥራላችሁ። ስለዚህ ካጠበቃችሁ በኋላ የሲባጎውን ፈተና ድገሙ። መወጠሪያ ፑሊ ያለው ማሽን ከሆነ በእርሱ ብቻ አስተካክሉ።

ምን ያህል ይወጠር? ትክክለኛው ውጥረት ቺንጋው በሙሉ ጭነት ሳይንሸራተት የሚሠራበት ዝቅተኛው ውጥረት ነው። ጩኸት ስለጠፋ ብቻ አብዝቶ መወጠር ትክክል አይደለም። ከመጠን በላይ የተወጠረ ቺንጋ ኩሽኔታውን ይበላል፣ ዘንጉን ያጎብጣል። ለግማሽ ሰዓት ካሠራችሁ በኋላ ማሽኑን አቁሙና እጃችሁን ወደ ኩሽኔታው ቤት አስጠጉ። ሊነካ የማይችል ሙቀት ካለ ውጥረቱን ቀንሱ፤ የግሪሱንም ሁኔታ እዩ።

6.2 የተንጋደደውን ማሰለፍ

ወደ ጎን የሸሸ ፑሊ ብሎኑ ላልቶ በዘንጉ ላይ ወደ ቦታው ይመለሳል። የተጣመመው ሞተሩ ከሆነ እግሮቹ ተላልተው ሲባጎው አራቱንም ቦታ እስኪነካ ይስተካከላል። የጎበጠ ዘንግ ወይም የተሰነጠቀ ፑሊ ካገኛችሁ ሥራው የመካኒክ ነው።

6.3 ያለቀውን መለወጥ

ቺንጋ ስትገዙ ቁጥሩን ይዛችሁ ሂዱ። በጀርባው ላይ አንድ የላቲን ፊደልና አንድ ቁጥር አለ። ፊደሉ ስፋቱን ይናገራል፦ ኤ 13 ሚሊ ሜትር፣ ቢ 17 ሚሊ ሜትር፣ ሲ 22 ሚሊ ሜትር ያህል የላይ ስፋት አላቸው። ከፊደሉ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ የውስጥ ርዝመቱ በኢንች ነው። «ቢ 75» ማለት 75 ኢንች፣ ማለትም 190 ሴንቲ ሜትር ተኩል ማለት ነው። ጽሑፉ ሳይጠፋ ገና አዲስ ሳለ ቁጥሩን በማሽኑ አካል ላይ በቀለም ጻፉት። ያረጀ ቺንጋ ስለሚለጠጥ በእርሱ ርዝመት የተለካ አዲስ ቺንጋ ላይገጥም ይችላል።

ማሽኑ ጎን ለጎን ሁለት ወይም ሦስት ቺንጋ ካለው ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ አምራች ይለወጡ። አዲሱን ካረጀው ጋር ካጣመራችሁ አዲሱ ብቻውን ጭነቱን ተሸክሞ ቶሎ ያልቃል።

አዲሱን ስታስገቡ መወጠሪያውን በደንብ አላሉና በእጅ አስገቡ። በካቻቢቴ ወይም በብረት ፈልቅቆ ማስገባት የውስጡን ክር ይበጥሳል። ጉዳቱ በዓይን አይታይም፤ ቺንጋው ግን ዕድሜውን ሳይጨርስ ይበጠሳል። አዲስ ቺንጋ መጀመሪያ ላይ ይለጠጣል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ከዚያም ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ውጥረቱን እንደገና ለኩ። «አዲስ ገዝቼ በሦስተኛው ቀን ጮኸ» የሚል ቅሬታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ይህ ስለሚረሳ ነው።

7. ጥፋቱ የጭነት ሲሆን

ቺንጋው ደኅና፣ ውጥረቱ ልክ፣ አሰላለፉም ቀጥ ያለ ሆኖ ነዶ ሲገባ ብቻ የሚጮህ ከሆነ ወደ አጎራረሱ ተመልከቱ። በደንብ ያልደረቀ ሰብል በከበሮው ላይ ይጠመጠማል። ነዶን ሳይፈቱ በአንድ ጊዜ መወርወር ከበሮውን ያንቃል። የገለባ መውጫው ሲዘጋም እንዲሁ ነው። መፍትሔው ሰብሉን ማድረቅ፣ ነዶውን ፈቶ በትንሽ በትንሹና በማያቋርጥ ሁኔታ ማጉረስ፣ መውጫውን ደጋግሞ መጥረግ ነው። ለማጽዳት ሞተሩ ይጥፋ።

8. መደረግ የሌለባቸው

• ሳሙና፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ሬንጅ ወይም አሸዋ ቺንጋ ላይ አይደረግም። ጩኸቱ ለጥቂት ጊዜ ቢጠፋም ጎማውና ፑሊው ይጎዳሉ፤ እውነተኛው መንስኤም ተሸፍኖ ይቆያል።
• ዘይትና ግሪስ ጩኸቱን ያጠፋሉ፤ መያዣውንም አብረው ያጠፋሉ።
• ቺንጋን በናፍጣ ወይም በቤንዚን አትጠቡ። በለስላሳ የሳሙና ውሃ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉት፤ ከዚያ ሳሙናው እስኪለቅ በንጹሕ ውሃ አጥርታችሁ አድርቁት።
• የተበጠሰን ቺንጋ በሽቦ ሰፍቶ ማሠራት ሰው ይጎዳል።

9. ከወቅቱ በፊትና በኋላ

መውቂያ ከመጀመሩ ሁለት ሳምንት በፊት ከደረጃ 1 እስከ 6 ያለውን ምርመራ አካሂዱ። አንድ ተጨማሪ ቺንጋ ገዝታችሁ አስቀምጡ። ማሽኑ የማኅበር ከሆነ ወጪው ከኪራዩ ገቢ አስቀድሞ ይያዝ። በሥራ ወቅት ጠዋት ጠዋት ከማስነሳታችሁ በፊት ቺንጋውን እዩ፤ ውጥረቱን በጣት ፈትሹ፤ በፑሊው ዙሪያ የተጠመጠመውን ገለባ አጽዱ። ወቅቱ ሲያልፍ ቺንጋውን አላልታችሁ ወይም አውልቃችሁ ፀሐይና አይጥ በማይደርስበት ቦታ አስቀምጡ። በቀጭን ሚስማር ላይ አትስቀሉት፤ ይታጠፋል። ወፈር ያለ ግንድ ላይ ይሰቀል።

10. የቡድን ልምምድና የመወያያ ጥያቄዎች

በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ወይም ማሽኑ ባለበት ቦታ ከልማት ሠራተኛው ጋር ሆናችሁ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ እያንዳንዱ ሰው በተራ ውጥረት ይለካ፤ ሲባጎ ይወጥር፤ የቺንጋውን ቁጥር ያንብብ። ሲያዩ ብቻ መዋል አይበቃም፤ እጅ ካልነካው አይለመድም።

ሀ. የመውቂያ ማሽን ያልተወቃ ዛላ እያወጣ ነው፤ የሞተሩ ድምፅ ግን ደኅና ነው። መጀመሪያ ምን ትመረምራላችሁ? ለምን?
ለ. አንድ ጎረቤታችሁ ቺንጋውን እስከ መጨረሻ ወጥሮ ጩኸቱን አጠፋሁ ይላል። ቀጥሎ ምን ሊደርስበት ይችላል?
ሐ. ከሦስት ቺንጋዎች አንዱ ብቻ ተሰንጥቋል። ስንት ትገዛላችሁ?
መ. አዲስ ቺንጋ ከገባ በኋላ ውጥረቱ መቼ መቼ ይለካል?

ከመልሱ ይልቅ ምክንያቱ ላይ ተከራከሩ። ምክንያቱን የያዘ ሰው ድምፁ ቢለዋወጥበትም መንስኤውን ፈልጎ ያገኘዋል። በመጪው ስብሰባ እያንዳንዳችሁ በቀበሌያችሁ የመረመራችሁትን አንድ ማሽን፣ ያገኛችሁትን ችግርና የወሰዳችሁትን እርምጃ በደብተራችሁ ጽፋችሁ ይዛችሁ እንድትመጡ ይሁን።